መታወቂያ ያወጣው በረሃ

ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃት «ቀና በሉ» በሚለው ቅጽል ስሟ ነው። እናትና አባቷ ባወጡላት ስም የምትጠራት እህቷ ብቻ ናት፤ እሷም ስትቆጣ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጡላት ደንበኞቿ ናቸው። ፎቶ ቤቷ ገብቶ ክቡ በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሁሉ፣ ዳኛም ይሁን ሌባ፣ መጀመሪያ የሚሰማው ቃል ያው ነው፤ «ቀና በሉ።» ከዚያ በሁለት ጣቷ አገጩን ወደ ላይ ገፋ፣ ትከሻውን ወደ ታች ጫን ታደርግና ወደ ካሜራዋ ትመለሳለች። ከእሷ እጅ አንገቱን ደፍቶ የወጣ ፎቶ የለም።

ፎቶ ቤቱ አንዲት ክፍል ነው። ከመንገድ ሲገቡ በስተግራ መስታወትና ማበጠሪያ፣ ከመስታወቱ አጠገብ ኮት ሳይለብስ ለመጣ በውሰት የሚሰጥ አንድ ጥቁር ኮት አለ። ኮቱ ለወፍራሙም ለቀጭኑም ያው ነው፤ ከጀርባ በልብስ መቆንጠጫ ይሰበሰባል። ከተማው ውስጥ ያ ኮት ያልገባበት መሥሪያ ቤት የለም። በስተቀኝ ኮምፒውተሯና ማተሚያዋ፣ መሃል ላይ በርጩማው፣ ከበርጩማው ኋላ ነጭ ጨርቅ። በርጩማውን ግራና ቀኝ የሚጠብቁት ሁለት መብራቶች ከፍታቸውም፣ ርቀታቸውም፣ ብርሃናቸውም እኩል ነው። የመታወቂያ ፎቶ ላይ ጥላ ከታየ መሥሪያ ቤቱ ይመልሰዋል። ስለዚህ ጥላ ለቀና በሉ እንደ ግል ጠላት ነበር። አፍንጫ ስር ብትደበቅ እንኳ አሳዳ ታስወጣታለች።

ሌላው የምትኮራበት ሙያዋ ማጽዳት ነው። ፎቶውን ኮምፒውተሯ ላይ ትከፍትና ግንባር ላይ የተሰመረውን፣ ከዓይን ስር ያበጠውን፣ ከአፍ ዳርና ዳር የተጨማደደውን ሁሉ ድራሹን ታጠፋዋለች። በሰፈሩ ዕድሜው ገፍቶ መታወቂያው ላይ የተሸበሸበ ሰው ቢፈለግ አይገኝም። የመሥሪያ ቤት ጥበቃዎች ፎቶውንና ባለፎቶውን እያፈራረቁ አይተው «የራስዎን ነው ወይስ የልጅዎን ይዘው የመጡት?» ይላሉ እየተባለ ይቀለድባት ነበር። እሷ ቀልዱን እንደ ምስጋና ነበር የምትቀበለው።

እንዲህ ሆና ስትኖር አንድ ቀን የመታወቂያ መሥሪያ ቤቱ የራሱን ካሜራ ተከለ። ከዚያ ወዲያ መታወቂያ የሚያወጣ ሰው እዚያው መስኮቱ ላይ ፊቱን ሰጥቶ ይወጣል። ቀና በሉ ነገሩ ቢከነክናት ሄዳ ጠየቀች። መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ ትሁት ልጅ ነው፤ ከመቀመጫው ተነስቶ ነው ያናገራት።

«እትዬ፣ አሁን እኮ ማሽኑ ራሱ ያነሳል» አላት። «ድሮም ቁልፍ መጫን ነበር። አሁን ቁልፉን እኛ እንጫናለን።»

ክፋት የለበትም፤ ክፋት ባለመኖሩ ነው ይበልጥ የበገነችው። ሰው ሊሰድባት ብሎ ቢሳደብ መልስ አታጣም ነበር። ይሄኛው ግን እንደ ተራ ወሬ የወጣ ነውና አብሯት ቤቷ ገባ፣ አብሯት ተኛ፣ አብሯት ተነሳ። ስንትና ስንት ዓመት የቆመችበት ሥራ ቁልፍ መጫን ሆኖ አረፈው።

ታላቅ እህቷ አፏ ሹል ነው፤ ሆዷ ግን ቂም አያውቅም። መጥታ ባዶውን በርጩማ አየችና ክፍሉን ለሞባይል ጠጋኝ እንድታከራየው መከረቻት። ካሜራውን ሽጪውና እግርሽን ዘርግተሽ ኑሪ፣ ቆመሽ የኖርሽው ይበቃል አለቻት። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ቢሆንም ቀና በሉ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

በዚያው ሰሞን ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። አዲስ የተሠራው የአውቶቡስ መናኸሪያ አዳራሹ ውስጥ አንድ ትልቅ ፎቶ መስቀል ፈልጓል። የሚፈለገው ከከተማው ጀርባ የተንጣለለው በረሃ ነው። መራጩ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ በየቅዳሜው የሚሰበሰበው የፎቶ ማኅበር ሲሆን፣ መወዳደር የፈለገ ሁሉ እየመጣ ፎቶውን ያሳያል፣ አስተያየት ይሰጠዋል፣ በመጨረሻው ቅዳሜ አንድ ፎቶ ይመረጣል። የተመረጠው ግድግዳ አክሎ ይሰቀላል፤ ከስሩም የፎቶግራፍ አንሺው ስም ይጻፋል።

ቀና በሉ ማስታወቂያውን ቆማ ደጋግማ አነበበችው። እሷ ያነሳችው ፎቶ የሌለበት ኪስ በከተማው የለም፤ ስሟ ያለበት ፎቶ ግን አንድም የለም። ማኅተም የፊታቸውን ግማሽ እየሸፈነ የሄዱት ፎቶዎች ሁሉ የሌላ ሰው ስም ይዘው ነው የሄዱት። ማታ እህቷ ቤት ገብታ ውሳኔዋን ተናገረች።

«ፎቶዬ ከተሰቀለ ፎቶግራፍ አንሺ ነበርኩ ማለት ነው። ካልተሰቀለ ያ ልጅ ልክ ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ ቁልፍ ስጫን ነው የኖርኩት። ያን ጊዜ ክፍሉን ለፈለግሽው አከራዪው፤ ቃሌ ነው።»

እህቷ ልትቀልድ ከንፈሯን አሹላ ነበር፤ የታናሿን ፊት አየችና ተወችው።

የእህቷ ባል የውሃ ቦቴ ሾፌር ነው። በረሃው ውስጥ አውራ ጎዳና ለሚሠሩት ሰዎች ሰፈር ውሃ ያመላልሳል። ቀና በሉ «ወንድም ጋሼ» ነው የምትለው። ከሰው ጋር ሲሆን ቃላት የሚቆጥብ፣ ብቻውን ሲነዳ ግን ከቦቴው ጋር ያወራል የሚባል ሰው ነው። ይዞኝ ሂድ ስትለው ጋቢናው ውስጥ ያለውን ዕቃ ጠራርጎ ቦታ አደላደለላት እንጂ ለምን ብሎ አልጠየቃትም።

የአሸዋው ተራሮች ጋ የደረሱት በጠዋት ነበር። ፀሐይዋ ከጎን ስለምትመጣ የአሸዋው ግማሽ ፊት በርቷል፣ ግማሹ ጠቁሯል። ቀና በሉ አይታ ተጸየፈችው። ይሄማ መስኮቱ ላይ ሳይደርስ ይመለሳል ብላ ጥላው እስኪጠፋ ለመጠበቅ ወሰነች። ወንድም ጋሼ ውሃውን አራግፎ ሲመለስ ጃንጥላ ይዛ እዚያው ቆማ አገኛት። በእኩለ ቀን ልብ ያለው ፍጡር ሁሉ መኪና ስር ይገባል ብሎ ለእሱ ረጅም የሚባል ንግግር አደረገ፤ ብሎም ራሱ መኪናው ስር ገባ። እሷ ላቧን እየጠረገች ቆየች። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ጥላ የሚባል ነገር ድምጥማጡ ጠፋና በረሃው ግራና ቀኙ እኩል በራ። ካሜራዋን በሦስት እግሩ አቆመች፣ ሰማይና ምድሩን መሃል ለመሃል እኩል አካፈለች፣ ትልቁን የአሸዋ ተራራ እምብርት ላይ አስቀመጠችው። አሸዋውን «ቀና በል» ማለት ብቻ ነበር የቀራት።

ቤቷ ገብታ ፎቶውን ስትከፍተው እጇ እንደለመደው ሄደ። መጀመሪያ አሸዋውን አቋርጦ የሚሄደውን የጎማ ዱካ አጠፋች። ቀጥሎ እዚህም እዚያም የበቀለውን ደረቅ ቁጥቋጦ ነቀለች። ከዚያ ትልቁ አሸዋ ላይ ንፋስ የሰመረውን ሽብሽብ አየች። የአንድ ሽማግሌ ግንባር ነው የመሰላት፤ አዘነችለትና አንድ በአንድ አለሰለሰችው። ስትጨርስ በረሃው ትናንት የተወለደ መሰለ። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ማኅበሩ የሚሰበሰበው ቤተ መጻሕፍቱ ፎቅ ላይ፣ የሕፃናት ማንበቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ሌላ ክፍል ስላልተገኘ ትልልቁ ሰው ሁሉ ጉልበቱን አገጩ ጋ አድርሶ ትንንሽ ቀለማም ወንበሮች ላይ ይቀመጣል። ሰብሳቢው ከጋዜጣ ቤት በጡረታ የወጣ ፎቶግራፍ አንሺ ነው። ጋሽ ጨለማ ይሉታል። ስሙ የወጣለት ፊልም በሚታጠብበት ጨለማ ክፍል ዕድሜውን ስለፈጀ ነው ይባላል፤ አስተያየቱን የቀመሱ ግን ሌላ ምክንያት ይሰጣሉ። የማኅበሩ ደንብ አንድ ነው፤ ፎቶው በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ሲበራ ባለቤቱ ዝም ይላል። የመጨረሻው ሰው አስተያየቱን ሰጥቶ እስኪያበቃ ትንፍሽ ማለት የለም። ይህ ደንብ ለማንም ከባድ ነው፤ ሲያወራ ለኖረ ባለፎቶ ቤት ደግሞ ከሁሉ የከበደ ቅጣት ነው።

ፎቶዋ በራ። መጀመሪያ የተናገረው የጥርስ ሐኪሙ ነበር፤ አዲስ ሌንስ በወጣ ቁጥር ሳይገዛ የማያድር ሰው ነው። በረዶ ነው ወይ ብሎ በትሕትና ጠየቀ። ከኋላ አንዷ የተተኮሰ አንሶላ መሰለኝ አለች። ሌላው አንሶላ ከሆነስ ማን ተኝቶበት ነው ሳይጨማደድ የቀረው አለ። ቀና በሉ ምላሷን ነክሳ ተቀመጠች። በመጨረሻ ጋሽ ጨለማ መነጽሩን አስተካከለ።

«ይሄ በረሃ መታወቂያ ሊያወጣ ነው እንዴ?» አለ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ተናገሪ ስትባል የታፈነው ሁሉ ገነፈለ። ስለ እኩል ብርሃን፣ ፀሐይ ስለመታገሷ፣ አሸዋውን ለማጽዳት ስለደከመችው ድካም አወራች፤ ባስረዳች ቁጥር ሳቁ ባሰ። ያልሳቀው ጋሽ ጨለማ ብቻ ነበር።

«አሸዋው ላይ መስመር ነበረው አይደል? ምን አደረግሽው?»

«አጸዳሁት።»

«ማን አቆሽሾት?»

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ደሟ እንደፈላ በቀጥታ እህቷ ቤት ሄደች፤ የሚያጽናናት ፈልጋ ነው። እህቷ ፎቶውን አየችና ውብ ነው፣ አዲስ አንሶላ ይመስላል አለቻት። ይሄም ማጽናኛ ተብሎ ነው። ወንድም ጋሼ ፎቶውን ተቀብሎ ብዙ ቆየበት። ወደ መስኮቱ ወስዶ አየው፣ ገልብጦም አየው።

«መንገዴስ?» አለ።

የቱ መንገድ ስትለው በጣቱ ፎቶው ላይ አንድ ነገር ሰመረ። እዚህ ጋ፣ ከዚህ ተነስቶ በዚህ የሚያልፈው የጎማዬ ዱካ አላት። ቆሻሻ መስሏት እንዳጠፋችው ነገረችው። ወንድም ጋሼ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ቦቴውን ሊያጥብ ወጣ። በረሃው ውስጥ አስፋልት የለም፣ ምልክት የለም፤ ዕድሜውን ሲመላለስ የረገጠው ያ ዱካ ነው መንገዱ። ያን ያህል ሰው ሲስቅባት ያልተሰበረው ቅስሟ ያኔ ተሰበረ።

ለጊዜው ግን የተረዳችው ነገር የለም። ሰው ነውና ጥፋቱን ከቀለሙ ላይ አገኘችው። የግድግዳ የቀን መቁጠሪያዎችን ሰብስባ አገላበጠች፤ በረሃ ያለበት ሁሉ ፀሐይ ስትጠልቅ የተነሳ ነው፣ ሁሉም ቀይ ነው። ስለዚህ ከወንድም ጋሼ ጋር ተመልሳ ሄደችና ፀሐይዋ እንደ ብርቱካን አሸዋው ጫፍ ላይ ስትቀመጥ ጠብቃ አነሳች። በቅዳሜው ስብሰባ የሳቀ የለም። ሁሉም ቆንጆ ነው አለ። ቆንጆ ነው ይልና ሻዩን ይጠጣል። የጥርስ ሐኪሙ በደስታ ስልኩን አውጥቶ እኔም አለኝ አለና አሳየ፤ እውነትም መንታ ናቸው፣ እናታቸውም ብትጠየቅ አትለያቸውም።

ስብሰባው ሲበተን ጋሽ ጨለማ ደረጃው ላይ ደረሰባት።

«የመጀመሪያው ጥፋት ነበር፤ ግን ያንቺ ጥፋት ነው» አላት። «ይሄኛው የማንም አይደለም።»

ሊያጽናናት ብሎ የተናገረው አልነበረም። ኮፍያውን ደፍቶ ወረደ። ቀና በሉ ቤቷ ገብታ ነጩን ጨርቅ ከግድግዳው አወረደች፣ አጠፈችው። ለእህቷ ደወለችና ያንን የሞባይል ጠጋኝ ልትጠይቂው ትችያለሽ አለቻት። ካወራችው ሁሉ አጭሩ ስልክ ያ ነበር።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ እህቷ ጠጋኙን ይዛ ሳይሆን ፀጉሯን ተሠርታ መጣች። የጡረታ ደብተሬ ላይ የሚለጠፍ ፎቶ ያስፈልገኛል፤ ሳትዘጊው የመጨረሻው ደንበኛ እኔ ልሁን አለች። ቀና በሉ ጨርቁን መልሳ ሰቀለችና መብራቶቹን አበራች። የበራው የግራው ብቻ ነው። የቀኙ ከተቃጠለ ሰንብቷል፤ ደንበኛ ስለሌለ የቀየረው የለም። ነገ ነይ አለቻት። እህቷ አሻፈረኝ አለች፤ ፀጉሬ ነገ እንዲህ ሆኖ አይቆይልሽም፣ በአንዱ አንሺኝ ብላ በርጩማው ላይ ተደላደለች።

ፎቶው ኮምፒውተሩ ላይ ሲከፈት ሁለቱም ጠጋ አሉ። ብርሃኑ ከአንድ ጎን ብቻ ስለመጣ የእህቷ ፊት ላይ ያለው መስመር ሁሉ የየራሱን ጥላ ይዞ ቆሟል። የግንባሯ፣ የጉንጯ፣ የአንገቷ፤ አንዱም አልተደበቀም። ቀና በሉ ይሄን ፊት ከልጅነቷ ጀምሮ ስታየው ኖራለች፣ ለስንት ካርድም አንስታዋለች። እንዲህ አይታው ግን አታውቅም። እጇ እንደልማዱ ወደ ማጽጃው ሲሄድ እህቷ አንጓዋን ያዘቻት።

«ተይው» አለች። ድምፅዋ ሹል አልነበረም። «እማዬን መሰልኩ እኮ።»

እናታቸው ሳይሸበሸቡ ነው ኖረው የሞቱት፤ ማለትም በፎቶ። ቤት ውስጥ ያለችው አንዲት የእናታቸው ፎቶ በቀና በሉ እጅ የጸዳች ናት። ያ የሚያውቁት፣ ሲስቅ የሚሰበሰበው፣ ሲቆጣም የሚሰበሰበው ፊት የትም የለም። አሁን ነው የተመለሰው። ቀና በሉ አለቀሰች፤ ስታለቅስ ግን ሌላ ነገር ዓይኗ ላይ መጣ። ያ በጠዋት ያየችው፣ ግማሹ በርቶ ግማሹ የጠቆረው፣ የተጸየፈችው በረሃ። ፀሐይም በጠዋት አንድ መብራት ናት።

እንባዋን በመዳፏ ጠረገችና እህቷን ወንድም ጋሼ መቼ ነው የሚሄደው አለቻት። የጡረታ መሥሪያ ቤቱ ፎቶውን ጥላ አለበት ብሎ እንደሚመልሰው የታወቀ ነው፤ እህቷም ልትወስድለት አላሰበችም። ፍሬም አስገብታ ሳሎኗ ሰቀለችው።

ለመጨረሻው ቅዳሜ ጥቂት ቀን ሲቀረው ቀና በሉና ወንድም ጋሼ ተነሱ። ጎህ ሲቀድ አሸዋው ጋ ለመድረስ በዋዜማው መንገድ ሠሪዎቹ ሰፈር አደሩ። ሌሊቱን ንፋስ ሲያገሳ አደረ። ሲነጋ ወጥተው ቦቴውን የአሸዋው ተራሮች ስር ሲያቆሙ ወንድም ጋሼ ሞተሩን አጥፍቶ ፊት ለፊቱን አየ። ዱካው እንደ ድሮው የለም። ንፋሱ ግማሹን ውጦታል፤ አንድ ቦታ ብቅ ይላል፣ ትንሽ ይሄድና ይጠፋል፣ ራቅ ብሎ ደግሞ ጫፉ ይታያል። ከዱካው የወጣ ቦቴ እስከ ወገቡ ይሰምጣል። ወንድም ጋሼ ወርዶ በእግሩ እየረገጠ ጠንካራውን መሬት ሊፈልግ ሄደ።

ፀሐይዋ ያን ጊዜ ወጣች። ከጎን ገባችና አሸዋው ላይ ያለውን ሽብሽብ አንድ በአንድ ቀሰቀሰችው። ንፋሱ ሌሊቱን ሙሉ የሠራው እያንዳንዱ መስመር ጥላውን ይዞ ተነሳ፤ ተራራው ያን የሚያህል ዕድሜ እንዳለው ያኔ ታወቀ። ቀና በሉ ካሜራዋን ከሦስት እግሩ ነቀለችና አሸዋው ላይ በጉልበቷ ወረደች። ለሰማዩ እኩል ልስጥ አላለችም፤ ፎቶውን ለአሸዋው ሰጠችው። ዱካው ከስር ጀምሮ ወጣ፣ ጠፋ፣ ደግሞ ወጣ። እዚያ ዳር ላይ ወንድም ጋሼ የጣት ጥፍር በምታህል ቁመት አንገቱን ደፍቶ በጫማው አሸዋውን ይፈትሻል።

አፏ ላይ መጣ። ያ ዕድሜዋን ሙሉ ስትለው የኖረችው ቃል ጥርሷ ጋ ደረሰ፤ ዘወር በልልኝም ልትለው ትችል ነበር። ሰውዬው ግን ፎቶ መነሳቱን አያውቅም፤ መንገዱን ፈልጎ ነው ያቀረቀረው። ቃሉን ዋጠችውና እስትንፋሷን ያዘች። ወንድም ጋሼ እግሩን አነሳ፣ መሬቱን ረገጠ፣ ጠንካራ ሆነለት መሰል ትከሻው ላላ አለ። ያኔ አነሳችው።

ቤቷ ስትገባ ፎቶውን ከፍታ እጇን ከኪቦርዱ አርቃ ተቀመጠች። ከታች በስተቀኝ አንድ ደረቅ ቁጥቋጦ አለ። ጣቷ በላት። ተነስታ ውሃ ጠጣች፣ ተመልሳ መጣች፣ ቁጥቋጦው እዚያው ነው። በመጨረሻ እጇን ከነፍላጎቱ ጭኗ ስር አደረገችውና በሌላው እጇ ፎቶውን እንዳለ አተመችው።

የመጨረሻው ቅዳሜ ክፍሉ ሞላ፤ ትንንሾቹ ወንበሮች አልበቁም። የማን ፎቶ እንደሆነ ሳይነገር አንድ በአንድ በራ፣ አንድ በአንድ አስተያየት ተሰጠ። የእሷ ሲበራ ማንም አልተናገረም። ቀና በሉ ወሽመጧ ተቆረጠ፤ ቆንጆ ነው ብለው ሻያቸውን ሊጠጡ ነው ብላ ነው። ሻይ የጠጣ ግን የለም። የጥርስ ሐኪሙ ቀስ ብሎ ይሄ ሰውዬ ምን ጠፍቶበት ነው አለ። መንገድ ነው አለችው ከኋላ ያለችው። ታዲያ እንዴት ይወጣል ብሎ ጠየቃት። ዱካው ያ ጫፍ ጋ አለልህ አለችው። ከዚያ ክርክሩ ጦፈ፤ በግራ በኩል ቢሄድ ይሻለዋል የሚል፣ ንፋሱ ከየት እንደነፈሰ መስመሮቹን አይቶ የሚናገር፣ ይሄ ተራራ ስንት ዓመቱ ነው የሚል። ስለ ፎቶው የሚያወራ አልነበረም፤ ሁሉም በረሃው ውስጥ ገብተው ሰውዬውን ሊያወጡት እየተጨነቁ ነው። ቀና በሉ እዚህ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ደንቡን ወደደችው። ዝም ብላ መስማት እንዲህ እንደሚጣፍጥ ማን ነግሯት።

ቀጣዩ ፎቶ ሊበራ ሲል ጋሽ ጨለማ ከወንበሩ ተነሳ። «መልሱት» አለ። ግድግዳው ድረስ ሄደ፣ መነጽሩን አውልቆ አፍንጫውን ሊያስነካው እስኪደርስ ጠጋ አለ፣ ከላይ እስከ ታች ፈለገ። ከዚያ ምንም ሳይናገር ተመልሶ ተቀመጠ። እሱን የሚያውቁ ተያዩ።

ምርጫው ዓይን ተጨፍኖ ነው። ሰው ጎረቤቱን አይቶ እጁን እንዳያወጣ ሁሉም ይጨፍናል፣ ጋሽ ጨለማ ብቻ ይቆጥራል፣ የራስን መምረጥ ክልክል ነው። ቀና በሉ ዓይኖቿን ጨፍና ጆሮዋን አቆመች። አንዱ ፎቶ ሲጠራ እዚህ ጋ አንድ እጅጌ ተንኮሻኮሸ፣ እዚያ ጋ አንድ። ሌላው ሲጠራም እንዲሁ። ከዚያ ጋሽ ጨለማ «መንገዱን የሚፈልገው ሰውዬ» አለ። ክፍሉ በሙሉ ተንኮሻኮሸ። ከፊቷ፣ ከኋላዋ፣ ከጎኗ፤ ኮትም ሹራብም፣ የትንንሾቹ ወንበሮች ሲጥሲጥታም ሳይቀር። የዚያን ድምፅ ያህል ደስ ያሰኛት ነገር አልነበረም። ዓይኗን ሳትገልጥ በጉንጯ ላይ እንባዋ ወረደ።

ግለጡ ሲባል ጋሽ ጨለማ ከፊቷ ቆሟል።

«ጥፋት ብፈልግ አጣሁ» አላት። «ሥራ አስፈታሽኝ።»

ተናገሪ ተባለች፤ አሁን ተፈቅዶልሻል አሏት። ያቺ አፏ የማያርፍ ሴትዮ ከንፈሯን ከፍታ ዘጋችው። የጥርስ ሐኪሙ ደንቡ ዘግይቶ ያዛት ብሎ ሳቀ፣ እሷም ሳቀች፣ ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። የዛሬው ሳቅ ግን ከእሷ ጋር የተሳቀ ነበር።

መናኸሪያው የተከፈተ ቀን እህቷ የሰፈሩን ሰው ግማሽ አስከትላ መጣች፤ ላልጠየቃት መንገደኛ ሁሉ እህቴ ናት ትላለች። ወንድም ጋሼ የታጠበ ጃኬቱን ለብሶ ፎቶው ስር ቆሟል። ፎቶው ከአንዱ የአዳራሹ ምሰሶ እስከ ሌላው ይደርሳል። ወንድም ጋሼ ፎቶው ላይ ያለውን ራሱን አላየውም፤ ዓይኑ ዱካው ላይ ነው። ከአጠገቡ ያለውን የማያውቀውን ሰው ክንዱን ነካ አድርጎ «መንገዴ ነው» አለው። ደገመውም፤ ለወንድም ጋሼ ይሄ ዲስኩር ነው።

ቀና በሉ ራቅ ብላ፣ ሻንጣና ሕፃን ይዘው ከሚጠብቁት መሃል አግዳሚ ላይ ተቀምጣ መንገደኛው የሚለውን ትሰማ ነበር። አንዱ ያ ቁጥቋጦ ባይኖር ጥሩ ነበር ብሎ አለፈ፤ በሆዷ ሳቀችለት። ከጎኗ ዕቃዋን እግሯ ስር ያደረገች አንዲት ሴት ተቀምጣ ፎቶውን ብዙ አየችው። ከዚያ ከስሩ የተጻፈውን ስም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች፤ እናትና አባቷ ያወጡላትን፣ ሙሉውን፣ ከነአያቷ።

«የሴት ስም ነው» አለች ወደ ቀና በሉ ዞር ብላ። «ታውቂያት ይሆን?»

ቀና በሉ ከአግዳሚው ተነስታ ቆመች።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለቻት። «ፎቶግራፍ አንሺ ነኝ።»